የቧንቧው ሳል

ታፔላ ጻፊው ሊነጋጋ ሲል ሚስቱ ስትስል ሰምቶ ባነነ። ሁለት አጫጭር ሳል፣ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ አንድ ረዘም ያለ። ውሃ ላቀብላት ብሎ እግሩን ከአልጋው አውርዶ ጫማውን ሲዳብስ ነው ከሞተች ዓመት እንዳለፋት ትዝ ያለው። ሳሉ የመጣው ከወጥ ቤት ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሰፈር ቧንቧ ክፍቱን ካደረ፣ ውሃው ከመድረሱ በፊት መስመሩ ውስጥ የታመቀው አየር እንደዚያ እየሳለ ነው የሚወጣው። ይሄን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ሚስቱ ራሷ በሕይወት ሳለች «ይኸው ቧንቧውንም ጉንፋን አጋባሁበት» እያለች ትቀልድ ነበር። ቢሆንም ማወቅ ለብቻው ነው፤ በጨለማ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ልብን ይዞ ማዳመጥ ደግሞ ለብቻው።

ወጥ ቤት ሲገባ ውሃው ከመታጠቢያው ሞልቶ፣ ወለሉን አልፎ እስከ ቀለም ጣሳዎቹ ደርሷል። ልጁ ሚጣ ቀድማው ተነስታለች። በሌሊት ልብሷ ቁጢጥ ብላ ውሃውን በአሮጌ ፎጣ ትመጥና ባልዲው ላይ ትጨምቀዋለች።

«ዛሬም ከፍተሽው አደርሽ?» አላት።

ሚጣ ባልዲውን ጠጋ አደረገች። ፎጣውን መልሳ ዘረጋችው።

«አንቺን እኮ ነው! ታችኛዋ ጎረቤት አሁን ጣራዋን ተሸክማ ትመጣልሻለች።»

«አደርቀዋለሁ አባዬ» አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስትወቀስ አንገቷን ሰብራ ዝም ማለትን ከእናቷ ወርሳለች። እሱም ቧንቧውን ጠርቅሞ ዘጋና የቀለም ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው አወጣቸው።

ታፔላ ጻፊው ጥፋቱን የሚያሳብበው በአንድ መጽሐፍ ላይ ነው። ጥግ ጥጉ የተበላ፣ ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ከተራራ ተነስታ በወንዝና በቧንቧ ተጉዛ ከተማ ስለምትገባ ጠብታ ያወራል። ሚስቱ ለልጇ ማታ ማታ የምታነብላት እሱኑ ነበር፤ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ልጅቷ ለራሷ ታነበዋለች። መጨረሻው ላይ ተራራ ልጇን ጠብታን «ስናፍቅሽ ቧንቧውን ክፈቺ፤ ቀድሞ የሚመጣው ድምፅ የኔ ነው» ትላታለች። እናቷ ለሞተችባት ልጅ ይሄ ይነበባል? ይሄን የጻፈ ሰው ወይ ልጅ የለውም፣ ወይ ቤቱን ውሃ ሞልቶበት አያውቅም ይላል ታፔላ ጻፊው። መጽሐፉን ግን ወስዶ አልደበቀውም። እንዲያውም እራት እንደበሉ «ሂጂ አንብቢ» የሚላት እሱ ነው። የእሱን መኝታ ከልጅቷ መኝታ የሚለየው ስስ የቺፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። እሱ ከወዲህ መብራቱን አጥፍቶ ጋደም ይላል፤ ከወዲያ የሚመጣው ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ አይደለም። የዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል እንደ እናቷ ጎተት ታደርገዋለች፤ እናቷ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ላይ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ ገጽ ስትገልጥም፣ ደረቷ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቴ አጠር አንዴ ረዘም አድርጋ ትስላለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ቀን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው ማታ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ያፍርበታል፤ ግን ይጠብቀዋል።

ቤት ውስጥ እንዲህ የምታነበንበው ልጅ ትምህርት ቤት አንዲት መስመር አንብቢ ሲሏት ታለቅሳለች። መምህሯ አስጠርታው «ልጅዎን ቀለም አይዘልቃትም» አለችው፤ እስከ ክርኑ በቀለም ተነክሮ ለመጣ ሰው። መጀመሪያ ሐዘን ነው ተባለ። ቀጥሎ እልኽ ነው ተባለ። እሱም በጆሮው የሚሰማውን እየሰማ እልኽ ነው ባይ ሆነ። የሚስቱ ታላቅ እህት ብቻ ናት አንድ ቀን ማንንም ሳታማክር ልጅቷን እጇን ይዛ መነጽር ቤት የወሰደቻት። እዚያ የተነገራት ነገር ለሰሚው ግራ ነበር፤ የልጅቷ ዓይን ሩቅ ያያል፣ መነጽርም አያስፈልገውም፣ ነገር ግን ሁለቱ ዓይኖች ቅርብ ነገር ላይ አብረው አያርፉም። ስለዚህ ፊደሉ ሁለት ሁለት ይሆንባታል፣ ይሮጥባታል። ደግነቱ ዓይንም እንደ እጅና እግር ይሠለጥናል አሉ። «ታዲያ ቤት ባለው መጽሐፍ ላይ ለምን አይሮጥባትም?» ቢላት አክስትየዋ የቀጠሮውን ቀን ብቻ ነገረችው። ሁለት ወር ሙሉ አክስትየዋ እየወሰደች አመላለሰቻት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በዚህ ወር ውስጥ ማንበብ ካልቻለች ወደ ታች ክፍል እንደሚመልሳት አስታወቀ። ዛሬ አባትየው ራሱ እንዲመጣ፣ ልጅቷ የምትወደውንም መጽሐፍ ይዞ እንዲመጣ የዓይን አሠልጣኟ ልካበታለች።

አክስትየዋ መነጽር ቤቱ በር ላይ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ጠበቀቻቸው። መስታወቱ ውስጥ የተደረደሩት የመነጽር ፍሬሞች ዋጋቸው በትንንሽ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ታፔላ ጻፊው አንዱን ጎንበስ ብሎ አየና «በዚህ ዋጋ የነገውንም ማሳየት አለበት» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅለት ነበር፤ ዛሬ ደረጃውን ቀድማው ወጣች። ላይ ያለው ክፍል ጠባብና ብርሃናማ ነው። ከጣራው ኳስ በክር ተንጠልጥሏል። የበሩ እጀታ ላይ ረጅም ነጭ ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ዶቃ ተሰክቷል። ግድግዳው ላይ ባለው የፊደል ሰሌዳ ላይ ታፔላ ጻፊው ከመቀመጡ በፊት ዓይኑን ጣለና፣ እንደ ልማዱ ሥራውን በሆዱ አጣጣለ። አሠልጣኟ ወጣት ናት፤ የልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ አገጯ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሚጣ የገመዱን ጫፍ ተቀብላ፣ ሳትታዘዝ፣ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።

«ቀዩን እዪልኝ። ስንት ገመድ ይታይሻል?»

«ሁለት።»

«የት ላይ ይገናኛሉ?»

«ዶቃው ላይ።»

አሠልጣኟ ወደ አባትየው ዞረች። «መልሱ ትክክል ነው። የሚያዩት ነገር አንድ ሆኖ ይታያል፤ ከፊቱና ከኋላው ያለው፣ ልብ ያላሉት፣ ሁለት ይሆናል። መጀመሪያ ስትመጣ አንድ ገመድ ብቻ ነበር የሚታያት። ሁለት ዓይን እያላት አንዱን ዝም አሰኝታው ነበር።» ቀጥላም እንደ ዘበት «ከቤተሰብ ማንበብ የሚቸግረው ሰው ነበር? አንዳንዴ አብሮ ይወረሳል» አለች።

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ታፔላ ጻፊው። «የእኔ ሥራ እንደሚያዩት ታፔላ መጻፍ ነው። እናቷም ብትሆን ማታ ማታ ስታነብላት ነው የኖረች።»

አክስትየዋ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ምንም ሳታወጣ መልሳ ዘጋችው። ሚጣ የጫማዋን ክር ትመለከታለች።

መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ሚጣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች፤ ክፍሉ ውስጥ የሞተችው ሴት ድምፅ መጣ። «ጠብታ እናቷን ተራራን ተሰናብታ ወረደች። ተራራ ግን መሄድ አትችልም፤ እናት ናትና ቆማ ታያለች…» ታፔላ ጻፊው በቀን ብርሃን፣ ሰው ፊት ሲሰማው የመጀመሪያው ነው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ልጅቷ ሳለችና ገጽ ገለጠች። የአሠልጣኟ ጣት ከመስመሩ ሥር እየሄደ ነበር። ትንሽ ሄደና ቆመ።

«ቆይ ሚጣዬ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ እዚህ አልተጻፈም።»

መጽሐፉን አዙራ ለአባትየው ሰጠችው። ከዚያ በፊት ይዞት ያውቃል፤ አልጋ ሥር ወድቆ አንስቶታል፣ እርጥብ ሲነካው አድርቆታል። ከፍቶ አንብቦት ግን አያውቅም። «ውሃ ከከፍተኛ ቦታ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይፈሳል» ይላል የመጀመሪያው ገጽ፣ በተራራው ሥዕል ሥር። «ከወንዝ የተጠለፈ ውሃ በማጣሪያ ጣቢያ ከቆሻሻ ይለያል» ይላል ሁለተኛው። ገለጠ፣ ገለጠ። ጠብታ የለችም። እናት የለችም። ለተማሪዎች ስለ ንጹሕ ውሃ የታተመ መጽሐፍ ነው። እጁ ላይ የደረቀው ቀለም ወረቀቱን ሲነካ ኮሽ ኮሽ ይላል።

አሠልጣኟ ሚጣን ፍሬሞቹን እያየች እንድትጠብቅ ወደ ታች ላከቻትና በሩን ገጠም አደረገች። «ዓይኖቿ አሁን አብረው እየሠሩ ነው» አለች። «ይሄን ልጅቷ ስለነገረችኝ አይደለም፤ ራሴ ለክቼ አይቼዋለሁ። እኔ ማንበብ አላስተምርም፤ ፊደሉን አስቁሜ ነው የምሰጣት፤ የቀረው የመምህር ሥራ ነው። ግን ሌላ መጽሐፍ ስሰጣት አሁንም ይሮጣሉ ትለኛለች። የሆነ ነገር ይዟታል፤ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። እስክናውቅ ይሄን መጽሐፍ አንሱላት። በቃሏ የያዘችውን ስትል ዓይኗ ሥራ ይፈታል።»

«አነሳለሁ» አለ። ግን ማታ በቺፑዱ ማዶ የሚሆነውን ዝምታ አሰበና ፈራ።

ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ፤ ሚጣ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። 

«እሷም እንዲሁ ነበረች» አለች አክስትየዋ መንገዱ ሲጋመስ፣ ሳታየው።

«ማን?»

«እህቴ ነቻ። ፊደል ይሮጥብኛል ትል ነበር፤ አባታችን ውሸቷን ነው ብሎ ገረፋት፤ ከዚያ ማለቱን ተወችው። አንድም ቀን አንብባ አታውቅም። ሥዕሉን እያየች ነው ለልጇ ስታወራላት የኖረች።»

«አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ስኖር?»

«አስምላኝ ነበር፤ እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«ለምን አልነገረችኝም እትዬ? እኔ ምን አደርጋታለሁ?»

«ምን ብላ ትንገርህ?» ቆመች። «አንተ እኮ የተንሻፈፈ ጽሑፍ ባየህ ቁጥር ‹ይሄ ማይም!› እያልክ መንገድ ለመንገድ የምትሳደብ ሰው ነህ። አጠገብህ ሆና ትሰማ ነበር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር የሚያነበው የእሱን እጅ ነው፣ ቤቱ ያለውን ግን እሱ አላነበበም። አሁን ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣበት። «ዳቦ ቤት የሚለውን ታፔላ አምጪልኝ» ሲላት «የቱ ቀለም ነው?» ትለዋለች፤ ሁልጊዜ ቀለሙን ነው የምትጠይቀው። አንድ ጊዜ ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩና በዳቦ ቤቱ ፋንታ የመድኃኒት ቤቱን ተሸክማ መጣች። ደንበኞቹ ፊት ጮኸባት። እሷ ግን ሳቀችና «ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶብኝ» ብላ ያንን ሁሉ መንገድ ተመለሰች። ሥራ ጨርሶ ሲሰቅል ከመንገዱ ማዶ ቆማ፣ እጇን አጣምራ፣ «ያምራል» ትለዋለች። ምን እንደሚል ጠይቃው አታውቅም። እሱም «እስቲ አንብቢው» ብሏት አያውቅም፤ አሁን ሲያስበው ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይሄ ነው። አይቷት ያውቃል ወይ?

 አንድ ሕንፃ ደጃፍ ላይ የብረት መደገፊያ ስላገኘ ሊደገፍ እጁን ዘረጋ። ሚጣ ከፊት ሮጣ መጥታ ኮቱን ጎተተችው።

«አባዬ ተው! ቀለሙ አልደረቀም!»

እጁን ሰበሰበ። ዕድሜ ልኩን ቲነር ያሸተተ አፍንጫ የቀለም ሽታ መለየት ከተወ ቆይቷል። ልጅቷ ግን በምን አወቀች? ብረቱ አይብለጨለጭም፤ ሌላም ሰው አልነካውም። ዝቅ ብሎ ሲያይ፣ ከመደገፊያው እግር አጠገብ የተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ አንድ ሰው በእስክሪብቶ፣ በደቃቅ ፊደል «ቀለሙ አልደረቀም» ብሎ የጫረባት። ቀና ብሎ ልጁን አያት። ፊቷ ደም መሰለ፤ ወዲያው ወደ መንገዱ ዞረች። አክስትየዋ መሐረቧን ስትፈልግ ምንም አላየችም። እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ መንገዱን ቀጠለ። 

ማታ እራት እንደበሉ «ሂጂ አንብቢ» አላላትም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቺፑዱ ወዲያ ገብቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መጽሐፉ ጭኑ ላይ ነው።

«ፊደሎቹ መቼ ነው የቆሙልሽ?» አላት።

ሚጣ የብርድ ልብሱን ክር መዘዘች። «ቆይቷል። አንድ ማታ ስከፍተው ዝም ብለው ቆመዋል። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ አነበብኩት፤ እማዬ ያለችው የለም። ሌላ ገጽ ገለጥኩ። እዚያም የለም።»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም? ወደ ታች ክፍል ሊመልሱሽ እኮ ነው!»

«አንተ ትሰማለህ» አለች፤ በእጇ ቺፑዱን አሳየችው። «አልጋህ ሲንቋቋ ይሰማኛል። እስክጨርስ አትተኛም። የተጻፈውን ካነበብኩ እማዬ ትሄድብሃለች ብዬ ነው።»

ታፔላ ጻፊው አፈረ። ያንን ያህል አፍሮ አያውቅም። ልጁ ክፍል ውስጥ ቆማ እየተሳቀባት፣ እያለቀሰች፣ ለካ ለእሱ ስትል ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ተጋድሞ የጠጣው ድምፅ የማን ጉሮሮ ላይ እንደሆነ አስቦ አያውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱስ ወረቀት ነው።

መጽሐፉን ሰጣት። «የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ ጀመረች። «ው-ሃ… ከከፍ-ተኛ… ቦታ…» ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ትንሽ ሻከር ይላል። ቃሉ ሲያስቸግራት ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ሲገባት ቶሎ ብላ ትለዋለች። እናቷን በምንም አትመስልም። ይሄን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም፤ የገዛ ልጁ ድምፅ ነው። ስለ ማጣሪያ ጣቢያው፣ ስለ ማጠራቀሚያው ታንከር አነበበች። ገጽ ስትገልጥ አልሳለችም። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት ልጅ ከቧንቧ ውሃ ስትጠጣ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ ከሥሩ «ከተጠቀማችሁ በኋላ ቧንቧውን በሚገባ ዝጉ» ይላል። ሚጣ አንብባው መጽሐፉን ከደነች፤ ላብ አውጥቷታል።

እሱ ግን ሌላ ነገር ታወሰው። ድሮ፣ ልጅቷ ገና ትንሽ ሳለች፣ ታሪኩ የሚያልቀው ጠብታ ብርጭቆ ውስጥ ስትደርስ ነበር፤ በቺፑዱ በኩል እየሰማው እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ‹ስናፍቅሽ ቧንቧውን ክፈቺ› የሚለው የመጣው በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። እሱ ያኔ እስከዚያ ያልደረሱበት ገጽ መስሎት ነበር። ሐኪሙ የነገራትን ለብቻዋ ይዛ የከረመችበት ጊዜ ነበር ለካ። ማንም አልጻፈውም። ራሷ ናት ማታ ማታ፣ እሱ እየሰማ፣ የተሰናበተችው።

«የእማዬን ደግሞ አንተ ንገረኝ» አለች ሚጣ ተጋድማ። «እኔ ደከመኝ።»

ነገራት። ድምፁ ሸካራ ነው፤ ቦታ ቦታውን ዘለለ፣ እሷ አረመችው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሚጣ ጠበቀችው።  እንደምንም ብሎ አለው፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን አስተካክሎላት፣ መብራቱን አጥፍቶ ወጣ።

ወጥ ቤት ውስጥ ብሩሾቹን ከቲነሩ አወጣ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ በየቦታቸው አስቀመጠ። ማታ ማታ የሚያደርገውን ሁሉ በማታ ማታ ተራው አደረገ።

«አባዬ» አለች ሚጣ።

ዞረ። በባዶ እግሯ በሩ ላይ ቆማለች።

«ዛሬስ ትዘጋዋለህ?»

«ምኑን?»

ወደ እጁ አየች። እሱም አየ። እጁ ቧንቧው ላይ ነው፤ ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ውሃ የለም። የከፈተበት ጊዜ ትዝ አላለውም።

«ማታ ማታ ትከፍተዋለህ» አለች። «ትንሽ ቆመህ ትሰማለህ። ከዚያ ትተኛለህ።»

ስንት ንጋት እንደጮኸባት፣ ስንቴ አንገቷን ሰብራ «አደርቀዋለሁ አባዬ» እንዳለችው አሰበ። ሊዘጋው እጀታውን ያዘ። ቀዝቃዛ ነበር። እጁ አልታዘዝ አለው። ሚጣ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ፎጣውን ከሚስማሩ አወረደች፣ ከመታጠቢያው ሥር ልታነጥፈው ጎንበስ አለች።

«ተይው» አለና ፎጣውን ከእጇ ተቀበላት። «ሂጂ ተኚ። የዛሬውን እኔ አደርቀዋለሁ።»

በርጩማውን ስቦ ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከተከፈተው ቧንቧ ፊት ለፊት ተቀመጠ።